በፕላዝማ የወጣው ነጭ ዱቄት ዚንክ ኦክሳይድ ነው ወይስ ሌላ ነገር? (ጅማ)

ኪቶ_ኬሚ
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ላይ ፕላዝማን (ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሚያበራ ጋዝ) ከውሃ ጋር በማገናኘት ዚንክ ኦክሳይድ ናኖፓርቲክል (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) እየሠራን ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። 50 ሚሊሊትር ዲስትልድ ውሃ ውስጥ 0.0425 ግራም ሶዲየም ናይትሬት አለ፤ ማለትም 10 ሚሊሞላር። አኖዱ (ፖዘቲቭ ጫፉ) 10 በ20 ሚሊሜትር የሆነ የዚንክ ቁራጭ ሲሆን ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። ካቶዱ (ኔጋቲቭ ጫፉ) ከውሃው ወለል 1 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ የተያዘ የማይዝግ ብረት መርፌ ነው። ከረንቱ 5 ሚሊአምፒር፣ ጊዜው 60 ደቂቃ።

ያለ አርጎን፣ በአየር ብቻ ሲሠራ ውሃው ጥርት እንዳለ ይቀራል፤ ፒኤቹ ከ6 ወደ 3.5 ይወርዳል። በመርፌው ውስጥ አርጎን ሲያልፍ ግን ውሃው ወተት ይመስላል፤ ፒኤቹም 8 አካባቢ ይደርሳል። ዱቄቱ ታጥቦ በ80 ዲግሪ ደርቆ ኤክስአርዲ (በኤክስሬይ የክሪስታሉን ዓይነት የሚለይ መለኪያ) ሲነሳ ጉብታዎቹ 31.8፣ 36.9፣ 53 እና 63 ዲግሪ ላይ ናቸው። 34.4 ላይ ምንም የለም። የሚገኘው ዱቄት 6.9 ሚሊግራም ብቻ ነው። ምን ይባላል? መጠኑስ ለምን አነሰ?

አዌቱ_ፊዚክስ
ከመጠኑ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። አላነሰም። እዚህ ሥራ ላይ ምርቱን የሚወስነው ቮልቴጁም የፕላዝማው ድምቀትም ሳይሆን ያለፈው ቻርጅ ነው። 5 ሚሊአምፒር በ3600 ሰከንድ ሲባዛ 18 ኩሎምብ ነው። አንድ የዚንክ አተም ሲሟሟ 2 ኤሌክትሮን ስለሚለቅ 18ን ለ2 ጊዜ 96485 ስታካፍሉ 93 ማይክሮሞል ታገኛላችሁ። ይህ 6.1 ሚሊግራም ዚንክ ነው፤ ሙሉው ወደ ዚንክ ኦክሳይድ ቢለወጥ 7.6 ሚሊግራም ይሆናል። ከዚያ በላይ የመዘነ ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ውሃ፣ ናይትሬት ወይም ሌላ ነገር አለ።

ዚንኩን ከሥራ በፊትና በኋላ መዝኑት፤ 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። የቀነሰው ክብደት 6.1 አካባቢ ከሆነ አኖዱ በደንብ እየሠራ ነው። በጣም ከበለጠ ዚንኩ ያለ ከረንትም በአሲድ እየተበላ ነው ማለት ነው። ዚንኩ 6.1 ቀንሶ ዱቄቱ ግን 3 ብቻ ከሆነ ቀሪው በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ወይም በማጠብ ላይ ጠፍቶ ነው። ይህች የክብደት ሒሳብ ብዙ ግምት ታስቀራለች።

ጊቤ_ማቴሪያል
ጉብታዎቹን በተመለከተ፦ ይህ ዚንክ ፐርኦክሳይድ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ሦስቱ ታላላቅ ጉብታዎቹ 31.8፣ 34.4 እና 36.25 ላይ ናቸው፤ ቀጥሎ 47.5፣ 56.6 እና 62.9 ይመጣሉ። ዚንክ ፐርኦክሳይድ ደግሞ 31.8፣ 36.9፣ 53 እና 63 ላይ ነው። 31.8 ለሁለቱም የጋራ ስለሆነ፣ ጉብታዎቹም በናኖ መጠን ሰፊ ስለሚሆኑ 36.25 እና 36.9 ይደባለቃሉ፤ ብዙ ሰው ዚንክ ኦክሳይድ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚለዩት 34.4 እና 56.6 ናቸው። እነሱ ከሌሉ ዚንክ ኦክሳይድ የለም፤ ወይም ከሚታየው በታች ነው።

ከየት መጣ? ፕላዝማው የውሃውን ተን ሰብሮ ሃይድሮክሲል ራዲካል (ቶሎ የሚያያዝ የውሃ ስባሪ) ይሠራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይሆናሉ። እሱም ውሃው ውስጥ ተጠራቅሞ ከሟሟው ዚንክ ጋር ይያያዛል። ሥራው በረዘመ ቁጥር ፐርኦክሳይዱ ይጨምራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በደንብ የታጠበ ዱቄት ትንሽ ወስዳችሁ በ1 ሚሊሊትር ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ አሟሙት፤ አንድ ሁለት ጠብታ 1 ሚሊሞላር ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ጨምሩ። ወይን ጠጁ ቀለም ከጠፋ ፐርኦክሳይድ አለ። ዱቄቱ በደንብ መታጠቡ ግዴታ ነው፤ የተረፈ ናይትራይት ካለ እሱም ቀለሙን ያጠፋዋልና ያሳስታችኋል።

መፍትሔው ማሞቅ ነው። ዚንክ ፐርኦክሳይድ ከ200 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ኦክስጅኑን እየለቀቀ ዚንክ ኦክሳይድ ይሆናል። በሴራሚክ ጀልባ አድርጋችሁ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመራችሁ 300 ላይ አድርሱና 1 ሰዓት አቆዩት። ንጹሕ ፐርኦክሳይድ ከሆነ ክብደቱ 16.4 በመቶ ይቀንሳል። መበስበሱ ሙቀት የሚለቅ ስለሆነ ብዙ ዱቄት በአንድ ጊዜ፣ በተዘጋ ዕቃ አታሙቁ። ወደ 500 እና 600 መውጣትም አያስፈልግም፤ ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ያድጋሉ፤ በናኖ መጠን ለማግኘት የተደከመበት ሁሉ ይባክናል።

ኪቶ_ኬሚ
ጋሽ ጊቤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመነሻው ፐርኦክሳይድ እንዳይፈጠር ማድረግስ ይቻላል?

ጊቤ_ማቴሪያል
መቀነስ ይቻላል። 50 ሚሊሊትሩ ውስጥ ግማሽ ሚሊሊትር ኢታኖል ጨምሩ። ሃይድሮክሲል ራዲካሉን ኢታኖሉ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የመፈጠር ዕድሉ ያንሳል። 1 በመቶ ስለሆነ የእሳት አደጋ የለውም። ግን እጃችሁን ሰብስቡ፤ ኢታኖል በበዛበት ፈሳሽ ላይ ክፍት አየር ውስጥ ፕላዝማ ማስነሳት እሳት መለኮስ ነው። ኢታኖሉ ትንሽ የካርቦን ቅሪት ዱቄቱ ላይ ሊተው ይችላል፤ ለኦፕቲካል ሥራ ከሆነ እኔ 300 ዲግሪውን እመርጣለሁ።

አዌቱ_ፊዚክስ
የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። አየር ላይ ፒኤቹ የወረደው የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ፕላዝማው ውስጥ ተጣምረው የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ስለሚሆኑ ነው። እነሱ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ናይትረስና ናይትሪክ አሲድ ይሆናሉ። በመርፌው በኩል የሚገባው ኤሌክትሮን ሃይድሮክሳይድ እየሠራ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋል፤ አሲዱ ወደ ታች ይጎትታል። በአየር አሲዱ ያሸንፋል። በፒኤች 3.5 ዚንክ ኦክሳይድ ሊቆም አይችልም፤ ዚንኩ ሁሉ ሟሙቶ ነው ያለው። ውሃው ጥርት ማለቱ ዚንኩ አልሟሟም ማለት አይደለም።

አንዳንዱ ይህን ጥርት ያለ ፈሳሽ ካስቲክ ሶዳ ጨምሮበት ያዘቅጠውና «በፕላዝማ የተሠራ» ይለዋል። እኔ አልስማማም። ያኔ ፕላዝማው ያደረገው ዚንክ ማሟሟት ብቻ ነው፤ ቅንጣቱን የሠራው ካስቲክ ሶዳው ነው።

ፖላሪቲውንም በመለኪያ አረጋግጡ። መርፌው ኔጋቲቭ፣ ዚንኩ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ተገልብጦ ከሆነ ዚንኩ ካቶድ ስለሚሆን አይሟሟም፤ ፕላዝማው ግን ያው ደምቆ ይበራል። በዓይን ልዩነቱ አይያዝም፤ የሚይዘው ሚዛኑ ነው።

አሠራሩ አዲስ እንዳልሆነም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጉብኪን በብር ናይትሬት ውሃ ላይ ግሎው ዲስቻርጅ (ጸጥ ብሎ የሚበራ ፕላዝማ) አድርጎ ብር አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሪችመንድስና ሳንካራን በቀጭን ቱቦ ማይክሮፕላዝማ የብርና የወርቅ ናኖፓርቲክል መሥራታቸው ነው ዘዴውን ወደ ናኖ ሥራ የመለሰው።

ጀማሪ_ከአጋሮ
ሰላም። እኔም ልሞክር አስቤ ነበር። መርፌው ምን ዓይነት ነው? ዚንኩን ከጣሪያ ቆርቆሮ ወይም ከድንጋይ ባትሪ ማውጣት ይቻላል? ኃይሉንስ ከአሮጌ ማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ብጠቀም?

የኃይል_ሰው
ወንድሜ፣ የመጨረሻዋን ቀድሜ ልመልስ። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር በፍጹም አይነካም። 2 ኪሎቮልት አካባቢ ላይ በመቶዎች ሚሊአምፒር ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው 5 ነው። አንድ ጊዜ ከነካህ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ከረንቱ ከውስጥ የተገደበ፣ ከ0 እስከ 3 ኪሎቮልት የሚስተካከል፣ ከ10 ሚሊአምፒር የማያልፍ የዲሲ ምንጭ ፈልግ፤ እሱም ከሌለህ ሥራውን ባለበት ቤተ ሙከራ ሄደህ ሥራ። 10 ሚሊአምፒርም ቢሆን ሰው ይጎዳል፤ የተገደበ ማለት የማይነድፍ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ሰርኪዩቱ። ፕላዝማ ከረንት በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ የማይጨምር፣ አንዳንዴም የሚቀንስ ነገር ነው፤ ስለዚህ በራሱ ከተተወ ወደ አርክ (እንደ ብየዳ ያለ ኃይለኛ ብልጭታ) ይሮጣል። የሚይዘው ሬዚስተር ነው። 33 ኪሎኦም፣ 2 ዋት የሆኑ 10 ሬዚስተሮች በተከታታይ አያይዙ፤ ድምሩ 330 ኪሎኦም ይሆናል። በ5 ሚሊአምፒር 1650 ቮልት ይወድቅባቸዋል፤ ለእያንዳንዱ 165 ቮልትና 0.83 ዋት ይደርሰዋል። አንድ ትልቅ ሬዚስተር ለምን አይሆንም ለሚል፦ ዋቱን ቢችል እንኳ የቮልቴጅ ገደብ አለው፤ ብዙዎቹ ከ500 ቮልት በላይ ላያቸው ላይ ብልጭታ ይሮጣል።

ሬዚስተሮቹን የት እንደምታስቀምጡ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከመርፌው በ5 ሴንቲሜትር ውስጥ ይሁኑ። ሬዚስተሩ ኃይል ምንጩ ዘንድ ሆኖ ከዚያ አንድ ሜትር ኬብል ወደ መርፌው ከሄደ ኬብሉ እንደ ካፓሲተር ቻርጅ እየያዘ በየጊዜው ይተፋል። ውጤቱ ጸጥ ያለ ግሎው ሳይሆን ጠጥ ጠጥ የሚል ብልጭታ ነው፤ መርፌውን ይበላል፣ ውሃ ያፈናጥራል፣ የብረት ብናኝም ዱቄቱ ውስጥ ይከታል።

ከረንቱን የምትለኩት በዚንኩ በኩል ነው። ዚንኩና ኧርዙ መሃል 1 ኪሎኦም አስገቡ፤ 5 ሚሊአምፒር ሲያልፍ 5 ቮልት ታነባላችሁ። ይህን 1 ኪሎኦም ከሁለት ባለ 2 ኪሎኦም ሬዚስተሮች በትይዩ ሥሩት፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይይዛል። ነጠላ ሬዚስተር ከተበጠሰ ቤከሩ በሙሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ይንሳፈፋል። ተራ መልቲሜትር መርፌው ላይ አታድርጉ፤ ገደቡ 1000 ቮልት ነው። 1000 ለ1 የሚያካፍል የከፍተኛ ቮልቴጅ ፕሮብ ያስፈልጋል።

የኃይል_ሰው
አንድ የጅማ ነገር ረሳሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ። ሰው እጁን ቤከሩ ላይ አድርጎ መርፌ ሲያስተካክል መብራቱ ቢመለስ ኃይሉ በራሱ ይነሳል። ስለዚህ ምንጩን በቀጥታ ሶኬት ላይ ከመሰካት በኮንታክተር በኩል አስገቡት፤ በመነሻ ቁልፍ የሚነሳ፣ ራሱን በራሱ ንክኪ የሚይዝ፣ መብራት ሲጠፋ የሚለቅ። መብራቱ ሲመለስ ሰው ቁልፉን ካልተጫነ አይነሳም። ክዳኑ ላይም ሲከፈት የሚቆርጥ ማይክሮስዊች በተከታታይ ይግባ።

ምንጩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር 1 ማይክሮፋራድ ከሆነ በ3 ኪሎቮልት 4.5 ጁል ይይዛል። 10 ሜጋኦም የሆነ ማፍሰሻ ሬዚስተር ጎን ለጎን ብታደርጉ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ከዚያም ቢሆን በኧርዝ በትር ሳትነኩ እጅ አታስገቡ። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ከአቧራው ጋር ቦርዱ ላይ ከረንት ማንሸራተት ይጀምራል። ሬዚስተሮቹን በአልኮል ጥረጉ፣ አድርቁ፣ በኢንሱሌሽን ቫርኒሽ ሸፍኑ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 82 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ አየሩ ቮልቴጅ የመቋቋም አቅሙ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ወለል የተጻፈውን የሽቦ ርቀት ሩብ ያህል አሰፉት።

አዌቱ_ፊዚክስ
ያው ግፊት ለማስነሳት ግን ይጠቅማል። አርጎን እያለፈ መርፌውን ወደ ግማሽ ሚሊሜትር አቅርቡ፣ ሲነሳ ቀስ ብላችሁ ወደ 1 ወይም 1.5 ሚሊሜትር አንሱት። ሲነሳ ምንጩን ወደ 2.5 ኪሎቮልት አካባቢ ዝቅ አድርጋችሁ ከረንቱን 5 ላይ አቁሙት። መርፌው ውሃውን ከነካ ከረንቱ ያለ ፕላዝማ በተራ ኤሌክትሮሊሲስ ያልፋል። ሜትሩ ላይ ከረንቱ ከፍ ይላል፤ ብርሃኑ ይጠፋል።

ጊቤ_ማቴሪያል
ለአጋሮው ልጅ የቀሩትን ልመልስ።

መርፌ፦ የሕክምና መርፌ ይሆናል። 22 ጌጅ የውስጥ ስፋቱ 0.41 ሚሊሜትር፣ 27 ጌጅ 0.21 ነው። በ22 ጀምር፤ ቶሎ አይደፈንም። ጫፉ ግን እንደተገዛ አይሆንም። ሰያፍ ስለሆነ ፕላዝማው ከአንድ ጎን ብቻ ይወጣና ይዋልላል። በዘይት ድንጋይ ላይ ቀጥ አድርገህ እስኪዘረጋ ሞርደው፣ ውስጡን በቀጭን ሽቦ ጥረግ፣ በአሴቶን እጠብ። ጨው ከውሃው እየተረጨ ጫፉ ላይ ይነጣል፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ በዲስትልድ ውሃ ነፍተህ አስወጣው።

ዚንክ፦ የጣሪያ ቆርቆሮ አይሆንም። ዚንኩ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ ሥሩ ብረት ነው። ሽፋኑ እንዳለቀ ዱቄቱ ወደ ቢጫና ቡናማ ይዞራል። የካርቦን-ዚንክ ባትሪ ቆርቆሮ ለልምምድ ይሆናል፤ ግን እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ለጽሑፍ የሚሆን ውጤት አታውጣበት። አልካላይን ባትሪ አትክፈት፤ ውስጡ የሚያቃጥል ካስቲክ ነው። ለእውነተኛ ሥራ 99.9 በመቶ የሆነ የዚንክ ፎይል ግዛ። ከመጠቀምህ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ በአሴቶንና በውሃ እጠበው፤ ያረጀው ሽፋን ካልተነሳ በአንድ ቦታ ብቻ እየተበላ ቁራጭ ዚንክ ይረግፋል፤ ዱቄቱም ግራጫ ይሆናል።

ውሃ፦ የመኪና ባትሪ ውሃ ተብሎ የሚሸጠው በኮንዳክቲቪቲ ሜትር ከ10 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር በታች ካነበበ ይሆናል። አሲድ የተቀላቀለውን በስህተት እንዳታነሳ። የቧንቧ ውሃ ካርቦኔትና ክሎራይድ አለው። ካርቦኔቱ ሃይድሮዚንካይት (ካርቦኔት ያለበት የዚንክ ውሁድ) ይሠራል፣ 13 ዲግሪ ላይ ጉብታ ታያለህ፤ ክሎራይዱ ሲሞንኮላይት (ክሎራይድ ያለበት የዚንክ ውሁድ) ይሠራል፣ እሱ 11.2 ላይ ነው። በናይትሬት ብዛት የሚመጣው የዚንክ ሃይድሮክሳይድ ናይትሬት ከ10 ዲግሪ በታች ይታያል። ስለዚህ ኤክስአርዲ ሲነሳ ከ20 ሳይሆን ከ5 ወይም ከ8 ዲግሪ እንዲጀምር ጠይቁ፤ ከ20 የሚጀምር ሰው እነዚህን ሁሉ አያያቸውም።

ጀማሪ_ከአጋሮ
ገለቶማ! አርጎኑስ ብዙ ይፈጃል? ሲሊንደር ከአዲስ አበባ ድረስ ማመላለስ ከባድ ነው።

አዌቱ_ፊዚክስ
ትንሽ ነው የሚፈጀው። በደቂቃ 50 ሚሊሊትር ይበቃል፤ በሰዓት 3 ሊትር። 10 ሊትር የሚይዝ በ150 ባር የተሞላ ሲሊንደር 1500 ሊትር ጋዝ አለው፤ 500 ሰዓት ይሠራል። የሚያልቀው በሥራ ሳይሆን በማፍሰስ ነው፤ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትሽ፣ ስትጨርስ ሲሊንደሩን ራሱን ዝጋ።

ለአርጎን ብየዳ የሚሸጠው ይሆናል። የብየዳ ሬጉሌተር ግን በደቂቃ ከ5 እስከ 25 ሊትር ስለሚለካ ለዚህ ሥራ ዕውር ነው። ከሬጉሌተሩ ቀጥሎ ቀጭን የመርፌ ቫልቭ አስገባ። ፍሎሜትር ከሌለህ ቢሬት ተጠቀም፦ ጋዙን ከሥር አስገብተህ የሳሙና አረፋ አስነሳ፤ አረፋው 50 ሚሊሊትር ለመውጣት 60 ሰከንድ ከፈጀበት ደርሰሃል። እንዲያውም ከተገዛው ሮታሜትር ይህ ይበልጣል፤ ሮታሜትሩ በባሕር ወለል ግፊት የተከፋፈለ ነው፣ አረፋው ግን እዚሁ በጅማ አየር የሚያልፈውን ይለካል። ከ100 በላይ ከሄድክ ጋዙ ውሃውን እየጎደጎደ ርቀቱን ይቀይርብሃል፤ ከ20 በታች ከወረድክ አየር ይገባና አሲዱ ይመለሳል። ፒኤች እየወረደ ነው ማለት ብዙ ጊዜ አርጎኑ አንሷል ማለት ነው።

ቡና_ውሃ
ልጆች፣ ሥራችሁ ደስ ይላል። እኔ በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ ላይ ነው የምሠራው። ዚንክ ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ቀለምና ኦርጋኒክ ቁስ ይበላል ይባላል። የጅማን ዙሪያ ወንዞች የሚጎዳውን የእሸት ቡና እጣቢ በዚህ ማጣራት ይቻላል?

ጊቤ_ማቴሪያል
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ነው፤ በቀጥታ ልመልስልዎ። በዚህ መልኩ አይቻልም፤ ምክንያቱም ሦስት ነው።

የቡናው እጣቢ ስኳሩና ፔክቲኑ ሲቦካ ፒኤቹ 4 አካባቢ ይደርሳል። በዚያ ፒኤች ዚንክ ኦክሳይድ ይሟሟል። ማጣራቱ ቀርቶ ዚንክ ወደ ወንዙ እንጨምራለን፤ የሟሟ ዚንክ ደግሞ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው። በኖራ ወደ 7 እና 8 ካልተመለሰ መጀመርም የለበትም። ሁለተኛ፣ ፎቶካታሊስት (እንደ ዚንክ ኦክሳይድ በብርሃን ቆሻሻ የሚበላ ቁስ) የሚሠራው ብርሃን ሲደርሰው ነው፤ የቡናው ውሃ ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ብርሃኑን ላይ ላዩን ይውጠዋል። ሦስተኛ፣ በሰዓት 7.6 ሚሊግራም የሚሰጥ ዘዴ በአንድ መርፌ 1 ግራም ለማምረት 130 ሰዓት ይፈጃል።

በእኔ እምነት ለቡናው ፍሳሽ ቅድሚያ የሚሰጠው ገለባውንና ንፍጡን መለየት፣ ውሃውን መልሶ መጠቀም፣ በኖራ ማስተካከል፣ ማስቀመጫ ጉድጓድና ሰው ሠራሽ ረግረግ ነው። ፎቶካታሊስት ቦታ ካለው መጨረሻ ላይ ነው፤ የቀረውን ቀለም ለማንሳት፣ ውሃው ከጠራና ገለልተኛ ከሆነ በኋላ። እዚያም በአሲድ የማይሟሟው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ይሻላል።

ቡና_ውሃ
ግልጽ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። መርፌውን አብዝቶ መጠኑን ማሳደግስ?

የኃይል_ሰው
ለእያንዳንዱ መርፌ የራሱ 330 ኪሎኦም ካለው ይቻላል። በአንድ ሬዚስተር ሥር 10 መርፌ ቢታሰር ቀድሞ የተነሳው ከረንቱን ሁሉ ይወስዳል፤ ዘጠኙ ጨለማ ሆነው ይቀራሉ። 10 መርፌ በ5 ሚሊአምፒር 50 ሚሊአምፒር ነው፤ 2.5 ኪሎቮልት ላይ 125 ዋት። በሰዓት 76 ሚሊግራም ለማግኘት ገዳይ የሆነ ምንጭ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። እኔ አልመክርም።

አዌቱ_ፊዚክስ
ግራም የሚፈልግ ሰው ዚንክ አሲቴትና ካስቲክ ሶዳ ይዞ በግማሽ ቀን ያገኘዋል። ፕላዝማው የሚመረጠው ሌላ ኬሚካል ሳይጨመር፣ በቅንጣቱ ላይ ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ያለ ሸፋኝ ኬሚካል) ሳይቀር፣ በቻርጅ ተለክቶ ንጹሕ ናሙና ሲፈለግ ነው።

በብየዳ ማሽን ዚንክ እያቃጠሉ ነጭ ጭስ መሰብሰብ የሚያስቡ አሉ። ጭሱ በእርግጥ ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ ተኑም አየር ላይ ይነዳል። ያንን ጭስ የተነፈሰ ሰው ግን ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ የብረት ጣዕም ይይዛል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ብየዳ ቤቶች ዘንድ ወተት ይጠጣበታል፤ ወተቱ አይከላከልም። የሚከላከለው ጭስ መሳቢያና የብናኝ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው። ቅንጣቱም መጠኑ የተዘበራረቀ ነው የሚወጣው።

ኪቶ_ኬሚ
በተባለው መሠረት ዱቄቱ 300 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት ቆይቷል። ክብደቱ ከ6.9 ወደ 5.8 ሚሊግራም ወርዷል። ከማሞቁ በፊት በተደረገው ሙከራ ፐርማንጋኔቱም ቀለሙን አጥቷል። አዲሱ ኤክስአርዲ ላይ 31.8፣ 34.4፣ 36.25፣ 47.5፣ 56.6 ሁሉም አሉ። የ36.25ቱ ስፋት በግማሽ ቁመቱ 0.62 ዲግሪ ነው፤ የመሣሪያው የራሱ ስፋት 0.12። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሰፊ ጉብታ አለ፤ ያ ምንድን ነው? ዱቄቱ ጥቂት ስለሆነ በኢታኖል በጥብጠን የመስታወት ስላይድ ላይ ነው ያደረቅነው።

ጊቤ_ማቴሪያል
ሰፊው ጉብታ መስታወቱ ራሱ ነው። ባዶውን ስላይድ አንድ ጊዜ አስነሱና አነጻጽሩት። ባዶ ዳራ ያለው የሲሊኮን መያዣ ከተገኘ ይጠፋል።

የቀነሰው 1.1 ሚሊግራም 16 በመቶ ነው፤ ለንጹሕ ፐርኦክሳይድ ከሚጠበቀው 16.4 ጋር ይቀራረባል። ሚዛናችሁ በ0.1 ስለሚዛነፍ ከ14 እስከ 18 በመቶ ያለው ሁሉ እኩል መሆኑን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከዚህ ላይ ጥቂት አሞርፈስ (ክሪስታል ያልሆነ) ሃይድሮክሳይድም ሊኖር ይችላል፤ ኤክስአርዲ አሞርፈሱን አያሳይም።

የቅንጣት መጠን፦ ከ0.62 ላይ 0.12ን በቀጥታ አትቀንሱ። ለጋውሲያን ቅርጽ ካሬያቸውን ቀንሳችሁ ሥሩን ውሰዱ፤ 0.608 ዲግሪ ይሆናል፣ በራዲያን 0.0106። በሼረር ቀመር (ከጉብታው ስፋት የክሪስታሉን መጠን የሚያሰላ) 0.9 ጊዜ 0.15406 ናኖሜትር፣ ሲካፈል ለ0.0106 ጊዜ ኮሳይን 18.1 ዲግሪ፤ 14 ናኖሜትር ትጠጋላችሁ። ይህ የክሪስታሉ መጠን ነው። ቅንጣቱ ብዙ ክሪስታሎች የተጣበቁበት ሊሆን ስለሚችል በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሳታዩ «ቅንጣቱ 14 ናኖሜትር ነው» ብላችሁ አትጻፉ። በዩቪ-ቪዚብልም ከ360 እስከ 375 ናኖሜትር ባለው የመምጠጫ ጠርዝ መታየት አለበት።

ኪቶ_ኬሚ
አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ውሃው ውስጥ ሳለ ቶሎ ይዘቅጣል፤ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ምን ይደረግ? አጠባውስ?

ጊቤ_ማቴሪያል
ዚንክ ኦክሳይድ በፒኤች 9 አካባቢ ላዩ ላይ ያለው ቻርጅ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ቅንጣቶቹ መገፋፋታቸው ይጠፋና ይያያዛሉ። እናንተ 8 ላይ ስለሆናችሁ ቅርብ ናችሁ። መሰብሰብ ከሆነ ዓላማችሁ ይህ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ዚንክ ከ9 እስከ 10 ባለው ፒኤች ላይ ነው በጣም ጥቂት የሚሟሟው። ተንሳፋፊ ከፈለጋችሁ ሶዲየም ሲትሬት 1 ሚሊሞላር ይበቃል፤ ግን ከሥራ በኋላ እንጂ በፊት አትጨምሩ፣ ሲትሬት ዚንኩን ይዞ ያሟሟዋል።

አጠባ፦ በ4000 ዙር በደቂቃ 15 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ፣ ሁለት ጊዜ በዲስትልድ ውሃ፣ አንድ ጊዜ በኢታኖል። ቱቦዎቹን በሚዛን አስተካክላችሁ ፊት ለፊት አድርጉ። ውሃው ደመናማ ሆኖ ከላይ ከቀረ አትድፉት፤ ትንንሾቹ ቅንጣቶች እዚያ ናቸው፣ ጊዜውን ወደ 30 ደቂቃ አሳድጉ። የደረቀውን ዱቄት በጓንትና በጭምብል ያዙ፤ ነፋስ በሚያገኘው ጠረጴዛ ላይ አትፈርፍሩ። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ጠርሙስ ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት፤ በጅማ ክረምት ክፍት ከቆየ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፣ ያቺ የ13 ዲግሪ ጉብታ ትመጣለች። ዚንክ ያለበትን የአጠባ ውሃ በሊትር ምልክት ባለው ጄሪካን ሰብስቡ፣ በኖራ ወደ 9.5 አድርሱ፣ አዝቅጡ፤ ዝቃጩን ከኬሚካል ቆሻሻ ጋር፣ የጠራውን ፒኤቹን ወደ 7 መልሳችሁ ብቻ አፍስሱ።